ሁለቱን ሕክምና አጣምሮ ስለመማር

ተማሪ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። ፋርማሲ ተምሬ ዲግሪዬን ይዣለሁ። አሁን ደግሞ በባህል ሕክምና ሌላ ዲግሪ ለመጨመር አስቤአለሁ። በቻይናም፣ በሕንድም፣ በአሜሪካም በር የሚከፍቱ ትምህርት ቤቶች አሉ። የሚመክሩኝ ሰዎች ግን ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ሳይንስ ከተማርሽ በኋላ ወደ ሥራሥርና ቅጠል መመለስ ምን የሚሉት ነው?» ይላል። ሌላው «ባለ ሁለት ዲግሪ የትም አይወድቅም» ይላል። እርስዎ ከየትኛው ነዎት?

መምህር፦ ከሁለቱም አይደለሁም፣ ልጄ። የመጀመሪያው ወገን ሕመምተኛውን ረስቶታል። አገራችን ውስጥ ጤና ጣቢያ የሚደርስ ብዙ ሰው አስቀድሞ ቤቱ ዳማ ከሴ አሽቶ ጠጥቷል፣ ፌጦ ወስዷል፣ ወይም ወጌሻ ዘንድ ደርሶ መጥቷል። ሁለቱ ሕክምናዎች በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ከተገናኙ ቆይተዋል፤ ያልተገናኙት በሐኪሙና በፋርማሲስቱ ዕውቀት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሚቆጥረው ወረቀት ነው። ሁለት የምስክር ወረቀት አንድ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ሁለት ዕውቀት ተገናኘ አይባልም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፦ አንደኛው ትምህርትሽ ሌላውን ይመረምረዋል ወይ? የባህሉ ዕውቀት ፋርማሲ ያላሰበውን ጥያቄ ያመጣል ወይ? ፋርማሲውስ ባህሉ የሚለውን ይፈትናል ወይ? እንዲህ ከሆነ ሂጂ። ካልሆነ ግን ሁለት ዲግሪ ይዘሽ እንደ አንድ ዲግሪ ሰው ታስቢያለሽ፤ ልዩነቱ ዕዳሽ መብዛቱ ብቻ ነው።

ተማሪ፦ ሐሳቡ ይገባኛል። በተግባር ያሳየው ሰው አለ?

መምህር፦ አሉ፤ ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እነግርሻለሁ። በ1955 ከቤጂንግ የሕክምና ኮሌጅ በፋርማሲ ተመረቁ፤ መነሻቸው ካንቺ መነሻ አንድ ነው። ከ1959 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት ለነበራቸው ባለሙያዎች በተዘጋጀ የቻይና ባህል ሕክምና ሥልጠና ገብተው ሁለት ዓመት ተኩል ተማሩ። በዚያ ዘመን ክሎሮኩዊን የወባን ተሕዋስ መግደል እያቃተው ነበር። በቬትናም ጦርነት ወባ ወታደሩን ስለፈጀው የቻይና መንግሥት በ1967 አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ ምስጢራዊ ፕሮጀክት አቋቋመ፤ ቱ ዮዮ በ1969 ገቡበት። ከድሮ መጻሕፍትና ከባህል ሐኪሞች ከ2,000 በላይ የመድኃኒት ቅመማዎችን ሰበሰቡ። ባልደረቦቻቸውን ይዘው ከ200 ገደማ ዕፅዋት ከ380 በላይ ጭማቂ አውጥተው በአይጥ ላይ ፈተኑ። ቺንግሃኦ የተባለው፣ የእኛ ጭቁኝና አሪቲ ዘመድ የሆነው ዕፅ፣ መጀመሪያ ተስፋ ሰጠና ሲደጋገም ውጤቱ ወረደ። ያኔ ወደ መጻሕፍቱ ተመለሱ። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣት እንጂ መቀቀልን አልጻፈም። አሁን ፋርማሲስቷ ጠየቁ፦ መድኃኒቱን የሚያጠፋው ሙቀቱ ቢሆንስ? በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኤተር አወጡት። በኦክቶበር 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በአይጦቹ ደም ውስጥ የነበረውን ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት በሃይናን ደሴት 21 ሕመምተኞች ታከሙበት፤ ሁሉም ዳኑ። አርቴሚሲኒን ይህ ነው። ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ ለወባ የምትሰጠው ኮአርተምም የተሠራው ከዚሁ ዘር ነው። መጽሐፉን ብቻ የሚያውቅ ሰው ዕፁን ቀቅሎ ይሰጥ ነበር፤ ኤተሩን ብቻ የሚያውቅ ሰው ወደ መጽሐፉ አይመለስም ነበር።

ተማሪ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ። ይህ ታሪክ የባህል ሕክምና ድል አይደለም። ከሁለት ሺህ በላይ ቅመማ አንድ ሞለኪውል ወስደው ቀሪውን ትተውታል። የባህል ሐኪም ግን ሞለኪውል አይሰጥም፤ ሰውየውን ያያል፣ ቤቱን ይጠይቃል፣ ሰዓት ሰጥቶ ያዳምጣል። በሌላ ሚዛን የተመዘነ ነገር ቢቀልል ጥፋቱ የሚዛኑ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ከአንዱ ወገን የመጣ ከሆነ ፍርዱን አስቀድመን እናውቀዋለን።

መምህር፦ ሞለኪውሉን መለየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት የዕፁን ቅጠል አፍልቶ መጠጣትን ለወባ አይመክርም፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠን ከማሳ ማሳ ይለያያል፣ ያነሰ መጠን ደግሞ ተሕዋሱን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። ስለ ዳኛው ያልሽው ግን ከባድ ነገር ነው፤ እንደዋዛ አላልፈውም። በጀርመን በ2007 የታተመ ጥናት አለ። የወገብ ሕመም የጸናባቸው 1,162 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል በቻይና ሥርዓት በትክክለኛው ነጥብ ላይ በአኩፓንክቸር መርፌ ተወጋ። ሁለተኛው ሆን ተብሎ ከነጥቡ ውጪ፣ ላይ ላዩን ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና የሰውነት እንቅስቃሴ አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው ከመጀመሪያው ክፍል 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኛው 44.2 በመቶ፣ ከሦስተኛው 27.4 በመቶ ነበሩ። አኩፓንክቸር ብቻ የተማረ ሰው ይህን ሲያነብ «ከሐኪሞቹ በለጥን» ይላል። ሕክምና ብቻ የተማረው «የውሸቱ መርፌ እኩል ስለሠራ ነገሩ ባዶ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚያነቡት ግማሹን ነው። ሁለቱን የተማረ ሰው ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ጥያቄ ይዞ ይነሣል፦ ነጥቡ ለውጥ ካላመጣ ስለ ነጥቦቹ የተጻፈው ትምህርት ምኑ ይተርፋል? የተለመደው ሕክምናስ ለወገብ ሕመም ይህን ያህል ደካማ የሆነው ለምንድን ነው? ሰውየውን ያሻለው መነካቱ ነው፣ ጊዜ ማግኘቱ ነው፣ ወይስ ተስፋው? አየሽ፣ ፈተናው በትክክል ሲደረግ ለአንዱ ወገን አላዳላም። አንቺ ያልሽውን ማዳመጥና ጊዜ መስጠትም ለመመዘን በር የከፈተው ይኸው ፈተና ነው።

ተማሪ፦ ይሁን። ግን ዘመንስ ፈታኝ አይደለም? አያት ቅድመ አያት ሲጠጡት የኖሩትን ነገር ከአንድ የስድስት ወር ጥናት የበለጠ ለማመን ምክንያት ያለን ይመስለኛል። የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ይተወው ነበር።

መምህር፦ ዘመን ይፈትናል፤ የሚይዘው ግን ቶሎ የሚታየውን ጉዳት ነው። ኮሶ ሲበዛ እንደሚጎዳ አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ጉዳቱ በዚያው ቀን ስለሚገለጥ መጠኑን ለክተው ይጠጡት ነበር። ከዓመታት በኋላ የሚገለጠውን ጉዳት ግን ከጠጡት ነገር ጋር የሚያያይዘው ማነው? የቤልጅግ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ውፍረት መቀነስ የፈለጉ ሴቶች የቻይና ዕፅ የተቀላቀለበት ኪኒን ይሰጣቸው ነበር። ስቴፋኒያ የተባለው ዕፅ ሊገባበት ሲገባ አሪስቶሎኪያ የተባለ ሌላ ዕፅ ገባ፤ የሁለቱ የቻይንኛ ስም ይቀራረባል። ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ ብዙዎቹ ለኩላሊት እጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ፣ አንዳንዶቹም በኋላ በሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተያዙ። መጀመሪያ የታወቀው በ1993 ነው። በዚህ ታሪክ ሁለት ጥፋት አለ። ኪኒኑን ያዘዙት ሐኪሞች ዕፅዋቱን አይለዩም ነበር፤ ዕፅዋቱን የሚለይ ሰውም በመካከል አልቆመም። ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ነው፤ የአሪስቶሎኪያ ዝርያዎች በእስያም በአውሮፓም ለብዙ ምዕተ ዓመታት መድኃኒት ሆነው ሲያገለግሉ ኖረዋል። ኩላሊቱ የሚደክመው ቀስ ብሎ፣ ካንሰሩ የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ በዚያ ሁሉ ዘመን ያስተዋለው አልነበረም። እንዳንቺ ያሉ ሰዎች የሚያስፈልጉን እዚህ ቦታ ላይ ነው። ቅጠሉን በዐይኗ የምትለይ፣ የኩላሊት ምርመራ ውጤትም የምታነብ አንዲት ባለሙያ በዚያ ክሊኒክ ብትኖር ኖሮ ነገሩ በጥቂት ሰው ላይ ይቆም ነበር።

ተማሪ፦ እንግዲያው ወደ ትምህርት ቤቶቹ እንምጣ። በአሜሪካ ሁለቱን አጣምረው የሚሰጡ አሉ። በሲያትል አካባቢ ያለው ወገናችን ብዙ ስለሆነ እዚያ ያለው ባስቲር ዩኒቨርሲቲ ስሙ ይነሣል።

መምህር፦ ባስቲር በ1978 የተመሠረተ ነው፤ ናቱሮፓቲ በሚሉት የተፈጥሮ ሕክምና ስም አለው። እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች የናቱሮፓቲን ዶክትሬት ከአኩፓንክቸር ማስተርስ ጋር አጣምሮ መውሰድ የተለመደ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ልብ በይ፤ እዚህ የተጣመሩት ሁለት አማራጭ ሕክምናዎች ናቸው። ተማሪዎቹ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አይማሩም አልልም፤ ይማራሉ። ሕመምተኛን ረጅም ጊዜ ሰጥተው ማነጋገርንም ይለማመዳሉ፤ ብዙ ሐኪሞቻችን ያጡት ይህን ነው። ነገር ግን በናቱሮፓቲ ትምህርት ውስጥ ሆሚዮፓቲ የሚሉት፣ መድኃኒቱን እጅግ አቅጥኖ የሚሰጥ ሕክምና አለ፣ የፈቃድ ፈተናውም ይጠይቃል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ግምገማ ደግሞ ሆሚዮፓቲ እንደሚያድን አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ የለም ብሏል። አኩፓንክቸር መጨመር ይህን ጉዳይ ያስነሣል? አያስነሣም። ሁለቱም ከአንድ ወገን ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይጠይቅም። እኔ ዋጋ የምሰጠው ጥምረት ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የመጡ ትምህርቶች አንድ ራስ ውስጥ ገብተው የሚከራከሩበትን ነው። አንቺ በፋርማሲሽ ምክንያት አንደኛውን አቅጣጫ ይዘሻል፤ ይህ ከፍ ያለ ዕድል ነው።

ተማሪ፦ ክርክሩ ሁልጊዜ በአንዱ መዋጥ የሚያልቅ ቢሆንስ? ኦስቲዮፓቲን ይመልከቱ። አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1892 በሚዙሪ ግዛት ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ አማራጭ ሕክምና ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የኦስቲዮፓቲ ሐኪም ከሌላው ሐኪም ጋር በአንድ ሆስፒታል ይሠራል፣ ከ2020 ጀምሮ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውም አንድ ሆኗል፤ ብዙዎቹ ግን መለያቸው የነበረውን በእጅ ማከም እምብዛም አይጠቀሙበትም። ሕንድም ቢሆን ያው ነው። በማድራስ ኪልፓክ በ1920ዎቹ የአገር በቀል ሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሁለቱን ሲያጣምር ቆይቶ በ1960 ዘመናዊ የሕክምና ኮሌጅ ሆነ። መፈተን ብለው የጠሩት ነገር መጨረሻው መዋጥ ነው።

መምህር፦ ያመጣሻቸው ሁለቱም ምሳሌዎች እውነት ናቸው፤ እንዲያውም ሌላ ልጨምርልሽ። ብዙ የሕንድ ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ የተጣመረው ትምህርት ወደ ዘመናዊው ይለወጥልን ብለው የጮኹት። ከዚያ በኋላ ነው «ንጹሕ አዩርቬዳ»፣ ማለትም ያልተቀላቀለ የሕንድ ባህል ሕክምና፣ የሚሉት ወገኖች ተነሥተው ጥምሩን ያፈረሱት። በ2025 የሕንድ መንግሥት ሁለቱን በአንድ ዲግሪ የሚያስተምር ፕሮግራም በፑዱቼሪ ለመጀመር ሲያስብ የአገሪቱ የሐኪሞች ማኅበር የተቃወመው ይህ ሁሉ ታሪክ ከኋላው ስላለ ነው። ታዲያ መዋጡ ከምን መጣ? ትምህርት ቤቶቹ ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት የማከም ሥልጣን ሰጡት፤ ገበያውና መንግሥት ግን የተሻለ የሚከፍሉት ለአንደኛው ነበር። ሰው ወደሚከፈለው ያደላል። የባህሉን ዕውቀት የዋጠው የሥራ ገበያው ነው፤ ፈተና በትክክል አልተደረገበትም፣ በክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ከመቀመጥ በቀር አልተገናኙም። ደቡብ ኮሪያ በተቃራኒው ሁለቱን በሕግ ለይታ ያዘች፤ ሐኪሙ በራሱ ፈቃድ፣ የኮሪያ ባህል ሐኪሙም በራሱ። ይህም አላዳነም። አንድ የባህል ሐኪም አንዲትን ሴት 68 ጊዜ በአልትራሳውንድ አይቶ የማኅፀን ካንሰሯን ሳያገኝ ቀረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2022 መሣሪያውን መጠቀሙ ራሱ ወንጀል አይደለም አለ። ክርክሩ ስለ ፈቃድ ነበር። ለሴቲቱ የሚያስፈልጋት ግን በስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብ ዕውቀት ነበር። ስለዚህ የሁለት ትምህርት ዓላማ በሁለት ፈቃድ ማከም ሲሆን ወይ መዋጥ ይመጣል፣ ወይ የድንበር ጠብ። ዓላማው መመርመር፣ ከጉዳት መጠበቅና ለሁለቱም ወገን ማስረዳት ሲሆን ግን የሚዋጥ የለም፤ ሥራው ራሱ ሁለቱን በየቀኑ ይጠይቃልና።

ተማሪ፦ ለመመርመር ልማር ልበል። የምመረምረው የማንን ዕውቀት ነው? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶዱ ግን እንደታሰበው በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። በ1990ዎቹ የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ባዕድ ዛጎል ለበስ እንስሳ ለማጥፋት በሚውልበት መንገድ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያዘበት። እነዚያ ልብስ አጣቢዎች ምን አገኙ? እኔም ተምሬ ብመጣ መድኃኒት ዐዋቂው ምስጢሩን የሚደብቀኝ በቂ ምክንያት አለው።

መምህር፦ በዚህ ረታሽኝ፤ ስለ ዲግሪ ስናወራ የአንድ ሰው ራስ ይበቃል ያልኩ ያህል ተናግሬአለሁ፣ አይበቃም። አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣዎቹን ማስተዋል የቻሉት የጥገኛ ተሕዋስ ትምህርት ስለነበራቸው ነው፤ ለምርመራው የሚያስፈልገውን የመርዛማነት ፈተናና ወጪ የሚሸከም ተቋም ግን በጊዜው ከጎናቸው አልነበረም። ቱ ዮዮም ብቻቸውን አልሠሩም፤ የመንግሥት ፕሮጀክትና ብዙ ባልደረቦች ነበሯቸው። በአገራችን በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ድርሻ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ሕጉ አለ ማለት ነው፤ መድኃኒት ዐዋቂው ፊት ተቀምጦ በራሱ ቋንቋ የሚያስረዳው፣ ውሉን የሚያነብለት ሰው ግን የለም። ፋርማኮግኖሲ ስትማሪ ስለ ቅጠሉ ተምረሻል፤ ቅጠሉን ስለሚያውቀው ሰው፣ ስለ አለካኩ፣ መቼ እንደሚከለክልና ለማን እንደማይሰጥ ግን አልተማርሽም። መተማመኑ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መድኃኒት ዐዋቂው መረጃ አቀባይ ሆኖ ብቻ ከቀረ አያምንሽም፤ አስተማሪሽ ከሆነ፣ በስሙ ከተጠራና ድርሻው በጽሑፍ ከተያዘ የመደበቅ ምክንያቱ ይቀንሳል።

ተማሪ፦ ታዲያ ሌላ አምስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት ልቀመጥ? ዕድሜም ገንዘብም አለው ይህ።

መምህር፦ አትቀመጪ። ሁለተኛ ሙሉ ዲግሪ ያስፈልግሻል ብዬ አላምንም። ቱ ዮዮ ሁለት ዓመት ተኩል በቃቸው፣ ከፋርማሲው በላይ ሌላ የሕክምና ዲግሪም ዶክትሬትም አልነበራቸውም። የምትሄጂበትን ትምህርት ቤት ስትመርጪ ማስታወቂያውን ተዪና ሥርዓተ ትምህርቱን ጠይቂ። ተማሪዎቹ «ይህ መድኃኒት አይሠራም» ብለው ጽፈው መመረቅ ይችላሉ ወይ? ባህሉን የሚያስተምሩት ሰዎች ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር በአንድ ሕመምተኛ ፊት ይቀመጣሉ ወይ? ጉዳት ሲደርስ የሚመዘግቡበት መዝገብ አላቸው ወይ? እነዚህ የሌሉበት ቦታ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን አይጠቅምሽም። ያሉበት ቦታ ካገኘሽ ግን ሳታመነቺ ሂጂ፣ ተመልሰሽም ነይ። የአገራችን የፋርማሲና የሕክምና ትምህርት ቤቶችም አንቺ እስክትመለሺ መጠበቅ የለባቸውም፤ በሙያው ላሉ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች የሁለት ዓመት ሥልጠና ይክፈቱ፣ መድኃኒት ዐዋቂዎችንም ደመወዝ ከፍለው መምህር ያድርጓቸው።